የኦጋዴን ጋዝ ጎንደር የሚደርሰው እንዴት ነው? ለማዕድን ሚኒስቴርና ለነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለማዕድን ሚኒስቴር
ለነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የካሉብ ፈሳሽ ጋዝ ወደ ሰሜኑ የሀገራችን ክፍል የሚደርስበትን መንገድ ከአሁኑ ማቀድን ይመለከታል

ክቡራን፣

ይህን ደብዳቤ የጻፍነው ጎንደር ከተማ ውስጥ በነዳጅ አቅርቦት፣ በቦይለር ተከላና ጥገና፣ በጂኦሎጂና በኬሚካል ምህንድስና ሥራ የተሰማራን ባለሙያዎች ነን። የጠቀስናቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በሶማሌ ክልል፣ ኦጋዴን የሚገኘው የካሉብ የፈሳሽ ጋዝ ፋብሪካ የመጀመሪያ ምዕራፍ ኦክቶበር 2 ቀን 2025 ከተመረቀ ወዲህ፣ በማደያው ሰልፍም በእንጀራ መጋገሪያውም የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፦ የቡታጋዝ ሲሊንደራችን መቼ ነው በገዛ ጋዛችን የሚሞላው? ለሕዝቡ ቁርጡን የነገረው የለም። ቁርጡ ይህ ነው፦ ካሉብ ላይ የሚቀዘቅዘው ጋዝ እዚያ ሲሊንደር ውስጥ አይገባም። ጎንደር ደርሶ እንዲጠቅመን ግን ማድረግ ይቻላል። ለዚያ ሌላ ዕቃ፣ ሌላ ተጠቃሚ እና ዛሬ የሚጀመር ዕቅድ ያስፈልገዋል።

ከሲሊንደሩ እንጀምር። የካሉብ ፈሳሽ ጋዝ በአብዛኛው ሚቴን ነው። ቡታጋዝ የምንለው ደግሞ ፕሮፔንና ቡቴን ነው። በስም ሁለቱም ጋዝ ይባሉ እንጂ በጠባይ አይገናኙም። ፕሮፔንና ቡቴን በተራ የቤት ሙቀት፣ ከ10 ባር ባነሰ ግፊት (1 ባር በባሕር ጠለል ካለው የአየር ግፊት ጋር እኩል ግድም ነው) ፈሳሽ ይሆናሉ፤ ስለዚህ ቀለል ያለ የብረት ሲሊንደር ይበቃቸዋል። ሚቴን ግን ከዜሮ በታች 82 ዲግሪ ድረስ ካልቀዘቀዘ የፈለገውን ያህል ቢጫኑት ፈሳሽ አይሆንም። ያለ ግፊት በፈሳሽነት ለማቆየት ደግሞ ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ መድረስ አለበት፤ ያን ጊዜ ይዘቱ 600 ጊዜ ያህል ያንሳል። ሳይቀዘቅዝ በጠርሙስ ይያዝ ከተባለ 200 ባር የሚችል ወፍራም ጠርሙስ ይጠይቃል። የቤታችን ሲሊንደር ይህን ግፊት አይችልም፤ ይፈነዳል። ምድጃውም ቢሆን የተሠራው ለፕሮፔንና ለቡቴን ነው፤ ሚቴን በአንድ ኪዩቢክ ሜትር የሚሰጠው ሙቀት ከእነሱ ከሁለት ተኩል እጥፍ በላይ ስለሚያንስ የምድጃው የጋዝ ቀዳዳ ካልተለወጠ እሳቱ ብልጭ ድርግም ይላል። ይህን መንግሥት ቀድሞ ካላስረዳ፣ ነገ "በሀገር ውስጥ ጋዝ እሞላላችኋለሁ" የሚል ደላላና ቫልቭ የሚቀይር በያጅ አይጠፋም። ጉዳቱ የሚደርሰው ደግሞ ማድ ቤት ውስጥ ካሉት ሴቶችና ልጆች ላይ ነው።

ሲሊንደሩን በሀገር ውስጥ ጋዝ መሙላት የሚቻልበት አንድ መንገድ አለ። ከጉድጓዱ የሚወጣው ጋዝ ውስጥ ያለው ፕሮፔንና ቡቴን መጠኑ በቂ ከሆነ ከማቀዝቀዙ በፊት በመለያ ማማ ይወጣል። ይህን ለመወሰን የሚያስፈልገው አንድ ገጽ ወረቀት ነው፦ የእያንዳንዱ ጉድጓድ የጋዝ ቅንብር፣ በመቶኛ። ይህ ወረቀት ለሕዝብ ይፋ እንዲሆን እንጠይቃለን። በሁለተኛው ምዕራፍ የመለያ ማማ ይኑር አይኑር የሚለው ክርክር ያለዚህ ቁጥር የትም አይደርስም።

"እኛ ጋ ለምን አይቆፈርም?" ለሚሉ ወገኖቻችንም አንድ ነገር እንበል። ከጎንደር አዲስ አበባ በመኪና የሄደ ሰው ሁሉ የካሉብን ጋዝ ከያዙት ድንጋዮች አንዱን አይቶታል። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ከላይ ጥቁሩ ባዛልት፣ ከዚያ ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጂፕስም ያለበት ንብር፣ ወደ ታች ሲቀርቡ ደግሞ ቀላ ያለ የአሸዋ ድንጋይ ይታያል። ይህ የታችኛው የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ከአዲግራት ከተማ ነው። ያው ድንጋይ ኦጋዴን ውስጥ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ጠልቆ ተቀብሯል። ከሥሩ ጋዙን ያበሰለው ጥቁር የጭቃ ድንጋይ አለ፤ ከላዩ ጋዙን የሚያፍን ክዳን አለ። ዓባይ ግን ድንጋዩን እስከ ታች ቆርጦ ከፍቶታል፤ ክዳኑ ከተከፈተ ማሰሮ እንፋሎት አይጠበቅም። በደቡብ ወሎ ወረኢሉ አካባቢ ከመሬት የሚመነጨው ዘይት በዓባይ ተፋሰስም ነዳጅ እንደ ነበር ምስክር ነው፤ መመንጨቱ ግን የመፍሰሱም ምልክት ነው። ጎንደር ራሷ የተቀመጠችው 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ባለው የባዛልት ክምር ላይ ነው። የጭልጋው ከሰልም ገና ያልበሰለ ሊግናይት ነው፤ ከእሱ ተነስቶ ስለ ጋዝ ማውራት አይቻልም። ስለዚህ ተስፋችን ከምሥራቅ ከሚመጣው ላይ ነው።

ያ ጋዝ ግን ለምን ይህን ያህል ዘገየ? ሲንክሌር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከዐፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ፈቃድ አግኝቶ ኦጋዴን የገባው በ1945 ነው፤ ቆፍሮ ቆፍሮ ወጣ። ካሉብን ያገኘው ቴኔኮ የተባለው ሌላ የአሜሪካ ኩባንያ ነው፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ። ወዲያው አብዮቱና የሶማሊያ ወረራ መጡ። በ1980ዎቹ የሶቪየት ባለሙያዎች ተጨማሪ ጉድጓዶች ቆፈሩ፤ መንግሥታቸው ሲፈርስ ሄዱ። በ2007 ኦቦሌ ላይ በፍለጋ ሠራተኞች ላይ በደረሰ ጥቃት ከ70 በላይ ሰዎች ተገደሉ። የማሌዢያው ፔትሮናስ በዚያው ዓመት ካሉብንና ሂላላ የተባለውን ሌላ የኦጋዴን መስክ ይዞ በ2010 ለቀቀ። የቻይናው ኩባንያ ፖሊ ጂሲኤል በ2013 ተዋዋለ፤ እስከ ጅቡቲ 767 ኪሎ ሜትር ቧንቧ ይዘረጋል ተባለ፤ ውሉ በ2022 ተቋረጠ። በዚያው ዓመት ክምችቱ ወደ 7 ትሪሊዮን ኪዩቢክ ጫማ መሆኑ ተገለጸ። ጦርነቱና የኩባንያዎቹ መለዋወጥ የየራሳቸውን ዕንቅፋት ፈጥረዋል። ነገሩን የያዘው ዋናው ቋጠሮ ግን የጋዝ ጠባይ ነው። ድፍድፍ ዘይት የትም ቢገኝ በበርሜል ተጭኖ ይወጣል። ጋዝ ግን ቧንቧና ገዢ ከጉድጓዱ ጋር አብረው ካልታቀዱለት መሬት ውስጥ ይቀራል።

የአልጄሪያን ሰሐራ እንይ። ሐሲ ርመል የተባለው ግዙፍ የጋዝ መስክ በ1956 ተገኘ። በ1964 አርዜው ወደብ ላይ የተተከለው ፋብሪካ ጋዙን አቀዝቅዞ በመርከብ ወደ እንግሊዝ ላከ። ስምንት ዓመት ብቻ ነው የፈጀው፤ ምክንያቱም ከበረሃው እስከ ባሕር ቧንቧው፣ ከባሕሩ ማዶ ደግሞ ገዢው ነበሩ። እኛ ልንወስደው የሚገባ ሁለተኛ ትምህርትም አለ፤ አልጄሪያ ጋዙን ለውጭ ብቻ አላደረገችውም፣ የገዛ ከተሞቿን ቤቶች በቧንቧ አገናኝታለች። ሳዑዲ ዓረቢያ በአንጻሩ በ1938 ዳማም ላይ ዘይት ካገኘች በኋላ አብሮ የሚወጣውን ጋዝ ለአሥርት ዓመታት አብዛኛውን አየር ላይ አቃጠለችው፤ አሰባስቦ ለሀገር ውስጥ የሚያደርስ መረብ መገንባት የጀመረችው በ1970ዎቹ ነው። ሂላላ ላይ ዘይት ሲወጣ አብሮት የሚመጣው ጋዝ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መሰብሰብ አለበት የምንለው ለዚህ ነው።

አልጄሪያ ስለ ጥገናም ታስተምራለች። በ1973 ስኪክዳ ፋብሪካ ላይ የአሉሚኒየም ማቀዝቀዣ ተበልቶ ተበላሸ፤ ጥፋተኛው በጋዙ ውስጥ የነበረ እጅግ ጥቂት ሜርኩሪ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጋዙን ከማቀዝቀዝ በፊት ሜርኩሪውን ማጣራት የተለመደ አሠራር ሆነ። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከሚሊዮን 50 እጅ፣ ውኃው ከሚሊዮን 1 እጅ በታች ካልወረደ ደግሞ በረዶ ሆኖ ቱቦውን ይደፍናል። እነዚህ ሦስት ልኬቶች በየዕለቱ ተመዝግበው ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ዘንድ መድረስ አለባቸው።

ለጎንደር ግን ከሰሐራው ይልቅ የሚቀርበው የሱዳን ታሪክ ነው። ከካርቱም በስተሰሜን ያለው የጀይሊ ማጣሪያ በ2000 ሥራ ጀመረ፤ ከ2003 ጀምሮ ቤንዚን በቦቴ በመተማ በኩል ወደ ሀገራችን ይገባ ነበር። ከጎንደር 200 ኪሎ ሜትር እንኳ በማይርቅ በር በኩል ማለት ነው። ያን በር እንደ ዘላለም ቆጠርነው። በ2011 ደቡብ ሱዳን ስትገነጠል ከዘይቱ ሦስት አራተኛውን ይዛ ሄደች። ኤፕሪል 2023 ጦርነቱ ሲነሳ ማጣሪያው ራሱ የውጊያ ሜዳ ሆነ። ከዚያ በፊት አሰብ ነበረ፤ በ1967 ሥራ የጀመረው ማጣሪያ በ1997 ተዘጋ፣ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ ወደቡ ራሱ ተዘጋብን። እያንዳንዱ በር ሲዘጋ የመጨረሻው ማደያ ላይ የሚቆመው ከተማ የእኛ ነው።

የደቡብ ሱዳንን ድፍድፍ ዘይት በሱዳን በኩል ወደ ባሕር የሚያወጣው ቧንቧ እንዴት ቆሞ እንደ ነበር በዝርዝር መናገር ያስፈልጋል፤ የበረሃ መስመር ምን ያህል ስስ እንደ ሆነ የሚያሳይ የለምና። የደቡብ ሱዳን ድፍድፍ ሰም ይበዛዋል። ከቆላ የመጣ ቅቤ ደባርቅ ሲደርስ እንደሚረጋ፣ ይህም ዘይት ካልሞቀ ቧንቧው ውስጥ ይረጋል። እስከ ፖርት ሱዳን ባለው ረጅም መንገድ እየተሞቀና እየተገፋ ነው የሚሄደው፤ ማሞቂያዎቹና ፓምፖቹ ደግሞ ናፍጣ ይፈልጋሉ። በፌብሩዋሪ 2024 ጦርነት ባለበት መስመር ላይ ለጣቢያዎቹ ናፍጣ ማድረስ አልተቻለም። ዘይቱ ረግቶ መስመሩን ደፈነ፤ የአንድ ሀገር ዋና ገቢ ክፉኛ ቀነሰ። የናፍጣ ቦቴ አለመድረስ የአንድ ሀገርን የዘይት ንግድ አብዛኛውን አቆመ።

አሁን ወደ ካሉብ ቁጥሮች እንመለስ። የመጀመሪያው ምዕራፍ የዓመት አቅም 111 ሚሊዮን ሊትር ነው። አንድ ሊትሩ 0.44 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን ጠቅላላው 49 ሺህ ቶን ግድም ይሆናል። አንድ ሊትር ናፍጣ የሚሰጠውን ሙቀት ለማግኘት 1.64 ሊትር ያህል ፈሳሽ ጋዝ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ የዓመቱ ምርት የ68 ሚሊዮን ሊትር ናፍጣ ምትክ ነው። ሀገሪቱ በዓመት ወደ 4 ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ ነዳጅ ታስገባለች፤ ከዚያ ውስጥ ከመቶ አንድ ተኩል እጁን መሸፈን ማለት ነው። 45 ሺህ ሊትር በሚይዝ ቦቴ ሲሰላ በቀን 7 ቦቴ ግድም። ሁለተኛው ምዕራፍ እንደታሰበው 1.33 ቢሊዮን ሊትር ከደረሰ በቀን 80 ይሆናል። ይህ ከባድ ሥራ ነው፤ የሚያስመሰግንም ነው። ነገር ግን ለሁሉም አይበቃም፤ ስለዚህ ማን መጀመሪያ ይውሰድ የሚለው መወሰን አለበት።

በእኛ ዕይታ ቅድሚያው ማዳበሪያ ነው። ጎዴ ላይ በዳንጎቴ ግሩፕና በኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ሽርክና በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ታቅዷል። ዩሪያ ከሚቴን ነው የሚሠራው፤ ለአንድ ቶን 600 ኪዩቢክ ሜትር ያህል ጋዝ ይወስዳል። ደምቢያና ወገራ ላይ ሰኔ ገብቶ ማዳበሪያ የዘገየበት ገበሬ ምን እንደሚያጣ ለናንተ አንነግራችሁም። ለአነስተኛ መኪና ጋዝ ማዘጋጀቱ ግን አይታየንም፤ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከልክሏል፣ የሕዳሴው ግድብም 5,150 ሜጋ ዋት አቅም ይዞ ተመርቋል። መኪናውን ኤሌክትሪክ ይንዳው። ኤሌክትሪክ በቀላሉ የማይተካው የፋብሪካ እንፋሎትና የረጅም መንገድ የጭነት መኪና ነው፤ ጋዙ ለእነዚህ ይዋል።

ጎንደር ውስጥ ጥቁር ናፍጣ ወይም እንጨት የሚያነዱ ቦይለሮችና መጋገሪያዎች አሉ። ለእነዚህ የሚሆን ማከማቻ ጣቢያ ምን እንደሚመስል እንናገር። ሁለት የቆሙ ታንኮች፣ እያንዳንዳቸው 60 ሺህ ሊትር። ታንኩ ድርብ ግድግዳ አለው፤ በመካከሉ አየር የወጣበት ክፍተትና መከላከያ ዱቄት አለ። ከ90 በመቶ በላይ አይሞላም፤ ፈሳሹ ሲሞቅ የሚለጠጥበት ቦታ ይፈልጋል። አንዱ ታንክ ሲሞላ ወደ 32 ሺህ ኪዩቢክ ሜትር ጋዝ ይሰጣል። በሰዓት 4 ቶን እንፋሎት የሚያመነጭ ቦይለር በሰዓት 300 ኪዩቢክ ሜትር ያህል ይበላል፤ በቀን 16 ሰዓት ቢሠራ አንዱ ታንክ ከስድስት እስከ ሰባት ቀን ያቆየዋል። ካሉብ ከዚህ ከ1,700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ መንገድ ሲዘጋ አንድ ሳምንት እንደ ቀልድ ያልፋል። ሁለተኛው ታንክ የግድ የሆነው ለዚህ ነው።

ፈሳሹን ወደ ጋዝ የሚመልሰው ማትነኛ በክንፋማ የአሉሚኒየም ቱቦ የተሠራ ነው፤ ሙቀቱን ከአየር ይስባል፣ ነዳጅ አይፈልግም። በክረምት እርጥበትና በጎንደር የሌሊት ቅዝቃዜ ግን ክንፎቹ ላይ በረዶ ይጋገራል፤ በረዶው ሲወፍር ሙቀት አያሳልፍም፣ ፈሳሽ ሚቴንም ሳይተን ወደ ቧንቧው ያልፋል። ተራ ብረት ደግሞ በዚያ ቅዝቃዜ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ስለዚህ ማትነኛዎቹ ሁለት ሆነው በየስድስት ሰዓቱ ግድም ይፈራረቃሉ፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው በረዶውን ያራግፋል። ከማትነኛው በኋላ ያለው መስመር ላይ ቅዝቃዜ ሲያገኘው በራሱ የሚዘጋ ቫልቭ መኖር አለበት። ሚቴን ሽታ የለውም፤ ወደ ተጠቃሚ ከመሄዱ በፊት ጠረን ይጨመርበታል። በርነሩም፣ ማለትም ጋዙን ከአየር ጋር ቀላቅሎ የሚያነደው ክፍል፣ የሚመረጠው ለጎንደር ከፍታ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ላይ አየሩ ከአምስት አንድ እጅ ያህል ይሳሳል፤ ለባሕር ጠረፍ ከተማ የተሠራ የአየር ማራገቢያ እዚህ ሲተከል አየር ያንሰዋል፣ እሳቱ ጥቀርሻና ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል።

ቦቴውስ? በደርሶ መልስ 3,600 ኪሎ ሜትር ግድም 1,600 ሊትር ናፍጣ ቢፈጅ፣ የጫነው ጋዝ የ27 ሺህ ሊትር ናፍጣ ሙቀት አለው። በመንገድ የሚበላው ከመቶ ስድስት እጅ ነው፤ ያዋጣል። ቦቴው ራሱ በጋዝ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ የበለጠ ያዋጣል። የሚያሰጋው የመንገዱ መንገጫገጭ ነው። ድርብ ግድግዳው ውስጥ ስንጥቅ ከተፈጠረ ክፍተቱ አየር ያስገባል፣ ሙቀት ይገባል፣ የታንኩ ግፊት ይጨምራል፣ ማስተንፈሻው ቫልቭ ጋዝ መልቀቅ ይጀምራል። ይህን ለማወቅ ትልቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ጠዋት ሾፌሩ ቦቴውን ዞሮ ይየው፣ በእጁም ይዳስሰው። ደኅና ቦቴ ውጪው እንደ አካባቢው አየር ነው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ጤዛ ካላበ ወይም ነጭ በረዶ ከያዘ ክፍተቱ ተበላሽቷል፤ ወደ ዓባይ በረሃ መውረድ የለበትም። ይህ ፍተሻ በጽሑፍ የተደነገገ ይሁን፤ ደጀን ወይም ጎሐ ጽዮን ላይ ማቆሚያና ቦቴው ሲበላሽ ጋዙን የሚቀበል ተተኪ ቦቴ ይዘጋጅ። የመንገድ ዳር የእሳት አደጋ ሠራተኞችም አንድ ነገር ይወቁ፦ በፈሰሰ ፈሳሽ ሚቴን ላይ ውኃ መርጨት ትነቱን ያፋጥነዋል እንጂ አያስቆመውም።

ጋዙ የሚወጣው ከሌሎች ወገኖቻችን ቀዬ ነው፤ ይህን ሳንናገር የራሳችንን ድርሻ ብቻ ብንጠይቅ ያሳፍረናል። ሺላቦና ቀብሪ ደሃር አካባቢ ያለው አርብቶ አደር ግመሉን የሚያጠጣው ከጉድጓድና ከብርካ (ከዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ) ነው። ከጋዝ ጋር የሚወጣው ውኃ ጨው የበዛበት ሊሆን ይችላል፤ ወለሉ ባልተነጠፈ ጉድጓድ ከተከማቸ ወደ መሬት ይሰርጋል። ውኃው ወደ ጥልቁ ድንጋይ ተመልሶ ይረጭ፤ በዙሪያው ያሉ የውኃ ጉድጓዶች በየሦስት ወሩ ይመርመሩ፤ ውጤቱ በሶማሊኛ ተጽፎ በየቀበሌው ይለጠፍ። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የተቆፈሩት ጉድጓዶች የሲሚንቶና የብረት ቱቦ ፍተሻም ይፋ ይሁን። ያረጀ ሲሚንቶ ጋዝ ወደ ላይኛው የውኃ ድንጋይ ሊያሾልክ ይችላል።

ስለዚህ ከሁለታችሁም መሥሪያ ቤቶች የምንፈልገው በአንድ ሰነድ የሚጠቃለል ነው። የጋዙ ቅንብርና ለማዳበሪያ፣ ለፋብሪካ፣ ለጭነት መኪና የሚመደበው መጠን በቁጥር ይውጣ። ከሳምንቱ 49 ቦቴ ውስጥ ሁለቱ ለጎንደር መስመር ይያዙ፤ ብዙ አልጠየቅንም። ለጣቢያው ከመኖሪያ የራቀ፣ ጎርፍ የማይደርስበት፣ ከዋናው መንገድ ቦቴ የሚዞርበት ቦታ ከከተማ አስተዳደሩ ጋር ይመረጥ። ሲሊንደርን በሚመለከት ደግሞ ማስጠንቀቂያው በሬዲዮ፣ በገበያ ቀን በድምፅ ማጉያ፣ በቀላል አማርኛ በአስቸኳይ ይነገር።

በእኛ በኩል የከተማዋን ቦይለሮችና መጋገሪያዎች አንድ በአንድ ቆጥረን፣ ምን እንደሚያነዱ፣ በወር ስንት ሊትር ወይም ስንት ኩንታል እንደሚፈጁ፣ በርነራቸው ሊቀየር ይችል እንደሆነ መዝግበን ለመላክ ፈቃደኞች ነን። ሥራው ሦስት ወር ይወስዳል። መቀበያ የሚሆን አንድ ባለሙያ መድባችሁ ብታሳውቁን በማግሥቱ እንጀምራለን።

ከሠላምታ ጋር

በጎንደር ከተማ በነዳጅ፣ በቦይለር፣ በጂኦሎጂና በኬሚካል ምህንድስና ሙያ የምንሠራ ባለሙያዎች
ጎንደር